ስብሰባው አለ፤ ወረቀቱስ?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ አካባቢ ነው። የእድራችን ጸሐፊ ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ለኮብልስቶን መንገድ ተብሎ ከየቤቱ ብር ተዋጣ። መንገዱ ግማሽ ላይ ቆሞ ቀረ። ስብሰባ ላይ ተነሥቼ ስንት ተሰበሰበ፣ ስንት ወጣ ብዬ ብጠይቅ ‹ይሄ የሚመለከተው ኮሚቴውን ነው፤ ስብሰባውን አይረብሹ› ተባልኩ። በኋላ ስሰማ ያው ስብሰባ ‹ሕዝቡ በንቃት የተሳተፈበት› ተብሎ ሪፖርት ተደርጓል። ግልጽ መንግሥት፣ የዜጎች ተሳትፎ የሚባለው ነገር ለእኔ ዓይነቱ ሰው ምን ማለት ነው? መጠየቅ መብቴ ነው ወይስ የእነሱ ቸርነት?»

ምላሽ፦ ከመጨረሻው ልነሣ። መብትዎ ነው። ይህን ያህል ግልጽ መልስ ያላቸው ጥያቄዎች ብዙ አይመጡልኝም።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ መከናወን አለበት ይላል። አንቀጽ 43 ደግሞ ዜጎች በልማት የመሳተፍ፣ በተለይም የሚኖሩበትን ማኅበረሰብ በሚነኩ ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸው የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። በደጅዎ የሚያልፍ መንገድ የእርስዎን ማኅበረሰብ ካልነካ የማንን ይነካል?

እንግዲህ ሕገ መንግሥት ይዞ ቀበሌ የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ በፈገግታ ተሸኝቶ ይመለሳል። ለቢሮ የሚሆነው አዋጅ ቁጥር 590/2000 ነው። ሙሉ ስሙ የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ይባላል። ስሙን ሰምተው የጋዜጠኞች ሕግ ነው ብለው የሚያልፉት ብዙዎች ናቸው። የመገናኛ ብዙኃኑ ክፍል በ2013 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1238 ተተክቷል። የመረጃ ነፃነቱ ክፍል ግን በቦታው አለ። ለማንኛውም ሰው ነው፤ የጋዜጠኛ መታወቂያ አይጠይቅም። በአዋጁ «የመንግሥት አካል» የሚለው ቃል ፌዴራሉንም ክልሉንም፣ በየትኛውም እርከን ያለውን መዋቅር ያቅፋል። ቀበሌው፣ ክፍለ ከተማው፣ የከተማው ውኃ አገልግሎት ሁሉ እዚያ ውስጥ ናቸው።

ወደ ተሳትፎው ልምጣ። እውነቱን ለመናገር የእርስዎ ጥያቄ የከበደው እዚህ ላይ ነው።

ጎንደር በዚህ ጉዳይ አንድ የቆየ ታሪክ አላት። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር ገብቶ እስከ 1771 መጨረሻ ድረስ በአገሩ ቆይቷል። በቤተ መንግሥቱ ደጅ የአቤቱታ ጩኸት እንደማይቋረጥ ጽፏል። የተበደለ ሁሉ ‹ጃንሆይ፣ ፍረደኝ!› እያለ ይጮኻል። እስከዚህ ድረስ ደህና ነው። ክረምት ሲበረታ ግን ባለጉዳይ ይቀንሳል፤ ደጁም ጭር ይላል። ታዲያ ምን ይደረጋል? ገንዘብ የሚከፈላቸው ሰዎች ይዘጋጁና የተበደለ መስለው ይጮኻሉ። ለምን ቢባል ለንጉሡ ክብር ነው፤ ግቢው ጸጥ ብሎ ብቸኝነት እንዳይሰማቸው። ብሩስ ከአገሩ ልማድ ሁሉ የሰለቸው ይሄኛው እንደነበር ይናገራል።

አንዳንድ አዳራሽ ውስጥ ስቀመጥ ይህ ታሪክ ትዝ ይለኛል። የታሸገ ውኃ ይታደላል። የስም መቆጣጠሪያ ወረቀት ይዞራል፤ ሁሉም ይፈርማል። ለአንድ ሰዓት ተኩል ገለጻ ይሰጣል። ከዚያ ሁልጊዜ እጃቸውን የሚያወጡት ሦስት ሰዎች እድል ይሰጣቸዋል። ከሦስቱ ሁለቱ ምስጋና ያቀርባሉ። ሻይ ይጠጣል። የተፈረመበት ወረቀት ከሪፖርቱ ጋር ተያይዞ ይሄዳል፤ እዚያ ላይ ስምዎ ካለ «ተሳትፈዋል»። እርስዎ ተነሥተው የጠየቁት ጥያቄ ግን ወረቀቱ ላይ የለም።

እኔ ስብሰባን የምመዝነው በአንድ ነገር ነው። ከስብሰባው በፊት የነበረውንና ከስብሰባው በኋላ የወጣውን ዕቅድ ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ። አንዲት መስመር እንኳ ካልተለወጠች የተደረገው ገለጻ ነው። ገለጻ መጥፎ አይደለም። ስሙ ግን ተሳትፎ አይደለም።

ደግሞ ልብ ይበሉ። ብሩስ ጎንደር ከመግባቱ አራት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1766፣ ስዊድን ማንም ሰው የመንግሥትን ሰነድ ገልጦ እንዲያይ የሚፈቅድ ሕግ አወጣች። በዓለም የመጀመሪያው እሱ ነው ይባላል። በአንድ ዘመን አንዱ አገር ሰነዱን ሲከፍት ሌላው ጩኸት ይቀጥር ነበር። ይህን የምለው አገሬን ለማሳነስ አይደለም። ያ የጎንደር ንጉሥ ቢያንስ ጩኸቱን ለመስማት ይፈልግ ነበር።

እርስዎ የእድር ጸሐፊ መሆንዎ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ግልጽ አስተዳደር ምን እንደሆነ ከብዙ ሠልጣኝ በላይ ያውቃሉና። እስቲ የእድራችሁን የሒሳብ ቀን ያስቡት። ገንዘብ ያዡ ደብተሩን ይዞ ይቆማል። ያለፈው ቃለ ጉባኤ መጀመሪያ ይነበባል። ባለፈው «ድንኳኑ ይጠገን» ተብሎ ከሆነ ተጠገነ ወይስ አልተጠገነም ተብሎ ይጠየቃል። ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ስንት ቀረ ይባላል። ከኋላ የተቀመጡ አንድ እናት «ቆይ፣ የወንበሩ ኪራይ አልገባኝም» ሲሉ ማንም «ስብሰባ አይረብሹ» አይላቸውም። ደረሰኙ ይወጣል። ይኸው ነው። ስብሰባውን ስብሰባ የሚያደርገው ያለፈው ቃለ ጉባኤ ቀድሞ መነበቡ ነው።

በብራዚል ፖርቶ አሌግሬ የምትባል ከተማ አለች። ከ1989 ጀምሮ ከከተማዋ የመዋዕለ ንዋይ በጀት የተወሰነው የት ይዋል የሚለውን ነዋሪዎች እንዲወስኑ አደረገች። በዓለም ዙሪያ ብዙ ከተሞች ቀድተውታል። ከአሠራሩ እኔን የሚማርከኝ አንድ ነገር ነው፤ የዓመቱ ውይይት ሲጀመር አስተዳደሩ ስላለፈው ዓመት ውሳኔ መልስ ይሰጥ ነበር። ዘንድሮ ምን እንሥራ የሚባለው ከዚያ በኋላ ነበር። የአዘዞ እድር ይህን ለማወቅ ብራዚል መሄድ አላስፈለገውም።

አሁን ወደ መንገድዎ እንምጣ። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ።

የኮብልስቶን ጉዳይ ብዙ ጊዜ የሚወሳሰበው ገንዘቡ ከሁለት ኪስ ስለሚወጣ ነው። አንዱ የነዋሪው መዋጮ ነው። ሌላው ከተማው የሚያሟላው ድርሻ ነው። መዋጮው አብዛኛውን ጊዜ በነዋሪው ኮሚቴ ስም ዝግ ሒሳብ ተከፍቶ ይገባል። የከተማው ድርሻ ደግሞ በበጀት ተይዞ፣ ውል ተፈርሞ፣ በክፍያ ሰነድ ይወጣል። ስብሰባ ላይ «ገንዘቡ የት ገባ?» ሲሉ ኮሚቴው ወደ ከተማው ይጠቁማል። ከተማው ወደ ኮሚቴው ይጠቁማል። ሁለቱም በከፊል እውነታቸውን ነው። እርስዎ ግን ባዶ እጅዎን ይመለሳሉ።

ስለዚህ ጥያቄውን ይክፈሉት። ኮሚቴውን እንደ እድር ይያዙት፤ ገንዘቡ የእናንተ ነው፣ የባንክ ሒሳብ መግለጫውን እንዲያነብላችሁ አዋጅ አያስፈልግም። አሥር አባወራ ሆናችሁ በወረቀት ጠይቁ። ለከተማው ደግሞ ደብዳቤ ይጻፉ። ስለ ገንዘብ በጠቅላላው አይጠይቁ። ስለ ወረቀት ይጠይቁ።

ልዩነቱን ላሳይዎት። «ፕሮጀክቱ ለምን ቆመ?» የሚል ደብዳቤ ማብራሪያ ያመጣል። ማብራሪያ ደግሞ መጨረሻ የለውም፤ የዋጋ ንረት፣ የድንጋይ እጥረት፣ የኮንትራክተር አቅም። «የውሉን ኮፒ ስጡኝ» የሚል ደብዳቤ ግን ወይ ይሰጣል ወይ አይሰጥም። እንዲህ ብለው ይጻፉ፦

«በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት የሚከተሉትን ሰነዶች ኮፒ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ። 1ኛ፣ በእኛ ሰፈር ለሚሠራው የኮብልስቶን መንገድ የተፈረመው ውል። 2ኛ፣ ለሥራው እስካሁን የተፈጸሙ ክፍያዎች ዝርዝር። 3ኛ፣ የመጨረሻው የሥራ ርክክብ ወይም የልኬት ሰነድ። የኮፒ ወጪ ካለ እከፍላለሁ።»

በቃ። ምሬት አይጨምሩበት። የማንንም ስም አይጥሩ። «በሙስና የተዘፈቀው» ዓይነት ቃል ካስገቡ ደብዳቤው ከመረጃ ጥያቄነት ወደ ክስ ይለወጣል፤ የሚመልሰው ባለሙያም ወረቀት መፈለጉን ትቶ ራሱን መከላከል ይጀምራል። ሦስተኛውን ሰነድ ደግሞ ዝም ብዬ አልጨመርኩትም። ምን ያህል ሜትር ተነጠፈ ተብሎ እንደተከፈለ የሚናገረው እሱ ነው። ያንን ካገኙ ሜትር ይዞ ወጥቶ መለካት የማንም ጎረምሳ ሥራ ነው።

ደብዳቤውን በሁለት ኮፒ ይዘው ይሂዱ። መዝገብ ቤት ያስገቡት። በእጅዎ በሚቀረው ኮፒ ላይ ቀን፣ ቁጥርና ማህተም ያስመቱ። ሰዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው፤ ደብዳቤውን ለሚያውቁት ሰው በእጅ ሰጥተው ይመጣሉ። ያ ሰው ይዛወራል፣ ደብዳቤውም አብሮት ይዛወራል። ከመዝገብ ያለፈ ደብዳቤ ግን ቀን መቁጠር ይጀምራል። በአዋጁ መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀናት ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። ከከለከለም ምክንያቱን በጽሑፍ ማሳወቅ ግዴታው ነው። መጻፍ የማይችል ጎረቤት ካለዎት በቃል ቢጠይቅ የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያው ጥያቄውን ጽፎ ሊይዝለት ይገባል።

ሊከለከል የሚችል ነገር የለም ወይ? አለ። የሌላ ሰው የግል መረጃ፣ የንግድ ምስጢር፣ የአገር ደኅንነት፣ በምርመራ ላይ ያለ ወንጀልና የመሳሰሉት በአዋጁ ተዘርዝረዋል። የኮብልስቶን ልኬት ግን የአገር ደኅንነት ነው ያለ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። የሚያጋጥመው ሌላ ነው። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው።» «ፋይሉን የያዘችው ልጅ ፈቃድ ላይ ናት።» «ሲስተም የለም።» ይህ ክልከላ ስላልሆነ ይግባኝ ማለት የሚቻል አይመስልም። ቀኑ ካለፈ ግን ዝምታውም መልስ ነው ብለው ወደ መሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ አቤቱታ ይጻፉ። እዚያም ካልሆነ የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ። የመረጃ ነፃነት አዋጁን አፈጻጸም የሚከታተለው እሱ ነው፤ ቅርንጫፉም ባሕር ዳር አለ። ከዚያ ቀጥሎ ፍርድ ቤት ነው። እውነት ለመናገር ብዙው ጉዳይ ፍርድ ቤት ሳይደርስ ነው የሚያልቀው፤ ወይ ጠያቂው ይሰለቻል፣ ወይ ወረቀቱ ይገኛል።

አንድ ነገር ላጫውትዎት። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ፤ ስሙ ይቅር። ግድግዳው ላይ በመስታወት የተዘጋ ሰሌዳ አለ። «የበጀት መረጃ» ይላል። ውስጡ ያለው ወረቀት ፀሐይ በልቶት ቢጫ ሆኗል፤ ዓመተ ምሕረቱን ሳየው ሁለት ዓመት አልፎታል። ለምን አልተቀየረም አልኩ። ቁልፉ ጠፍቷል አሉኝ። ሳቅሁ። ቀጥዬ አዲሱ ወረቀት የት አለ ብል ባለሙያዋ መሳቢያዋን ከፍታ አወጣችልኝ። ንጹሕ፣ በሰንጠረዥ የተሠራ፣ ማንም የሚገባው ወረቀት ነው። ታትሞ ስድስት ወር ተቀምጧል። «ማንም ጠይቆኝ አያውቅም» አለችኝ።

ይህች ልጅ ምስጢር እየደበቀች አልነበረም። የቁልፍ መጥፋት ያሳሰበው ሰው ስላልነበረ ነው። ስለ «ግልጽነት ባህል» ስናወራ ሁልጊዜ የሚደብቅ ባለሥልጣን ነው የሚታየን። እሱም አለ፤ አልክድም። ከእሱ ይልቅ የሚበዛው ግን ወረቀት መስጠት ይቅርና መጠየቁም ያልለመደበት ተራ ሠራተኛ ነው። ፋይል ከፍቶ ቢሰጥ «ማን ፈቀደልህ?» የሚለው አለቃ አለበት። «ነገ ይምጡ» ብሎ የተቀጣ ሰው ግን አያውቅም። ሠራተኛው ሒሳቡን አስልቷል። የእርስዎ ደብዳቤ የሚጠቅመው እዚህ ነው። በማህተምና በቁጥር የገባ ጥያቄ እሱንም ይሸፍነዋል። «ሕጉ አስገድዶኝ ነው የሰጠሁት» ማለት ይችላል። አሥረኛው ደብዳቤ ሲመጣ አለቃውም ይለምዳል። ሃያኛው ሲመጣ ወረቀቱን ግድግዳ ላይ መለጠፍ ይቀላቸዋል።

ስለ ቀኑ ደግሞ ልናገር። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ገብቶ ሰኔ 30 ያልቃል። እኛ ጩኸታችንን የምንጀምረው መስከረም ላይ ነው፤ መንገዱ ሳይሠራ ክረምቱ ሲያልፍ። ያኔ ብሩ ተደልድሎ አልቋል። ዕቅዱ የሚበስለው ከሰኔ በፊት ባሉት ወራት ነው። ጎንደር እንደሌሎቹ ትልልቅ ከተሞች የካፒታል ኢንቨስትመንት ዕቅድ ታዘጋጃለች፤ ባለሙያዎቹ በአጭሩ ሲአይፒ ይሉታል። የትኛው ሰፈር መንገድ፣ የትኛው ፍሳሽ፣ የትኛው መብራት ያገኛል የሚለው እዚያ ላይ ነው። ሲዘጋጅም ነዋሪውን ማወያየት አለበት። የእድራችሁ ሊቀመንበር የሲአይፒ ውይይት መቼ ነው ብሎ ከፋሲካ በፊት ቢጠይቅ፣ ከመስከረም ሰልፍ ይልቅ ይሠራል።

መንገዱ ብቻውን እንዳይሆን አንድ ሌላ ነገር ልጠቁም። በአገራችን ከ1998 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ማኅበራዊ ተጠያቂነት የሚባል ፕሮግራም በብዙ ወረዳዎች ተሞክሯል። ነዋሪዎች ለጤና ጣቢያው፣ ለትምህርት ቤቱ፣ ለውኃው ነጥብ ይሰጣሉ። አገልግሎት ሰጪዎቹም ለራሳቸው ነጥብ ይሰጣሉ። ከዚያ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። ገንዘብ ያለው ፕሮጀክት ሲመጣ በትልቅ አዳራሽ ይደረጋል። ያለ ገንዘብም ግን ይቻላል።

ውኃውን ይውሰዱት። የጎንደርን ውኃ ችግር ለጎንደር ሰው አልተርክም። የአንገረብ ግድብ በደለል እየሞላ፣ ከተማው እየሰፋ፣ ፈረቃው እየራቀ ነው። ግድብ መጥረግ የእድር ሥራ አይደለም። የፈረቃ ሰሌዳውን ግን ማንም ሊጠይቅ ይችላል። ሰሌዳው ማክሰኞ ለእናንተ ሰፈር ነው ይላል እንበል። አንድ ወረቀት ሱቁ በር ላይ ይለጠፍ። እስክሪቢቶ በክር ይታሰር። ማክሰኞ ውኃ መጣ? ምልክት። አልመጣም? ክብ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት መጥቶ ንጋት ሳይሆን ሄደ? እሱም ይጻፍ። ስምንት ሳምንት ብቻ። ከዚያ ያንን ወረቀት ይዘው ይሂዱ። «ውኃ አጥተናል» የሚል ሰው በየቀኑ ይመጣባቸዋል፤ ጆሯቸው ደንድኗል። «ከስምንት ማክሰኞ አምስቱ ቀርቷል፣ ሰሌዳችሁ ይኸውና፣ ወረቀታችን ይኸውና» የሚል ሰው ግን ብዙም አይመጣም። እርስ በርስም ይጠቅማል። አንዳንዴ ወረቀቱ ሲታይ የላይኛው ሰፈር ሰው አጥቶ የታችኛው አግኝቶ ይገኛል፤ ያኔ ጠቡ ከግድቡ ጋር ሳይሆን ከቫልቩ ጋር ነው። ቫልቭ በአንድ ቀን ይስተካከላል።

አሁን ያለንበትን ጊዜ ሳልጠቅስ ባልፍ ሐሰተኛ እሆናለሁ። ክልሉ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በግጭት ውስጥ ነው ያለፈው። ሰው ሰብስቦ መናገር የማያስፈራበት ጊዜ አይደለም። በዚህ ላይ «ተነሡና ጠይቁ» ብሎ ከሩቅ መምከር ለመካሪው ቀላል ነው። ስለዚህ የማልመክርዎትን ልናገር። ብቻዎን አይግቡ፤ ሁለት ሦስት ሰው ይፈርም፣ ደብዳቤው በእድሩ ስም ይሁን። ስለ ሰው አይጠይቁ፣ ስለ ሰነድ ይጠይቁ። ጉዳዩ ከድንጋይና ከሜትር እንዳይወጣ ይጠብቁት። አንድ ቀን ጥያቄዎ ለሌላ ነገር ሊውል እንደሆነ ከተሰማዎት ትንሽ ያቆዩት። መንገድ ይቆያል።

የኮሚቴው ሰዎችም ጎረቤቶችዎ ናቸው። ለቅሶ ላይ ትገናኛላችሁ፤ ጥምቀት ላይ አብራችሁ ታቦት ትሸኛላችሁ። ብዙዎቹ ያለ ደመወዝ ጊዜያቸውን የሰጡ ሰዎች ናቸው። ያልበላ ኮሚቴ ሒሳቡን ሲያነብ ይቀለዋል፤ ሐሜቱ ይቆምለታልና። ደብዳቤውን ከማስገባትዎ በፊት ሄደው «እንዲህ ልንጠይቅ ነው፣ ለእናንተም ይጠቅማል» ይበሏቸው። የከተማውን ድርሻ ሰነድ እነሱም አይተውት ላያውቁ ይችላሉ። አብረው ከፈረሙ ደግሞ ሥራዎ ግማሽ አለቀ።

ሰኞ ጠዋት መዝገብ ቤቱ ሳይጨናነቅ ይሂዱ። ማህተሙን ያስመቱ። የሚቀጥለው የእድር ስብሰባ ላይ የገባበትን ቀንና ቁጥር በቃለ ጉባኤ ያስይዙት። 30ኛውን ቀን ቆጥረው ከጎኑ ይጻፉ። መልስ ቢመጣም ባይመጣም በዚያ ሰሞን ለአባላቱ ያንብቡት።